ዕዳ ከሜዳ፦ መንግሥት ሲሳሳት የሚከፍለው ማን ነው?

«ዕዳ ከሜዳ» የምንለው ያልጠበቅነው ጣጣ ሲደርስብን ነው። ሳይበደሩ ባለዕዳ፣ ሳያጠፉ ተጠያቂ መሆን። ከዚህ ዓይነቱ ዕዳ ሁሉ ግን አንዱ የተለየ ነው። መንግሥት ራሱ ቆጥሮ ይሰጥሃል። አንተም ዘይትና ደብተር ትገዛበታለህ፣ የቤት ኪራይ ትከፍልበታለህ። ከዓመት በኋላ አንድ ደብዳቤ ይመጣል፦ «ገቢህ ጨምሮ ሳለ ከሚገባህ በላይ ወስደሃል፤ መልስ!»

ለንደንና አምስተርዳም ዘመድ ያለው ሰው ይህችን ደብዳቤ በወሬ ሳይሰማት አይቀርም። ድጎማ በሚሰጥባቸው አገሮች የተለመደች ናት። ለእኛ ግን እንግዳ ትመስላለች። «መንግሥት መች ሰጠንና ነው መልሱ የሚለን?» ብሎ የሚስቅም አይጠፋም።

እኔ በበኩሌ እንግዳ አትመስለኝም። ስልሳና ሰባ ዓመት ወደኋላ ተመልሰን፣ ከአዲስ አበባ ወጥተን፣ ወደ ባሌ ብንወርድ ያችኑ ደብዳቤ በሌላ ፖስታ ውስጥ እናገኛታለን። እስኪ ከጊኒር እንጀምር።

ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ

ጊኒር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ትልቅ ገበያ ነበረች። ባሌ በ1952 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ዋና ከተማው ጎባ ሆነ፤ ጊኒር ደግሞ የዋቤ አውራጃ መቀመጫ ነበረች። ከደጋው እርሻ ወደ ቆላው የከብት አርቢ አገር የሚወርድ ሰው የሚያልፍባት ከተማ ናት።

ከጣልያን መባረር በኋላ መንግሥት በ1934 ከዚያም በ1937 ዓ.ም. ባወጣቸው ሕጎች የመሬት ግብርን በብር ተመነ። መሬት በሦስት ተከፈለ፦ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። በአንድ ጋሻ (ወደ 40 ሄክታር ገደማ መሆኑ ነው) የመሬት ግብሩ 15፣ 10 እና 5 ብር ሲሆን የአሥራቱ ምትክ ሲጨመርበት በጠቅላላው 50፣ 40 እና 15 ብር ይደርስ ነበር። በኋላ የትምህርትና የጤና ግብር ተከተሉ።

ልብ በሉ፣ በ«ለም» እና በ«ጠፍ» መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት እጅ በላይ ነው። ታዲያ መሬቱ ለም ነው ጠፍ የሚለው ማን ነው? ገማች። ቀላድ የሚጥለውስ? ሹም የላከው ሰው። ዘንድሮ ዝናብ ጠግቦ ለም የሚመስል መሬት በሚቀጥለው ዓመት ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በቆላው፣ ኑሮ ከከብት ጋር በሚንቀሳቀስበት አገር። መዝገቡ ግን አይንቀሳቀስም። አንዴ «ለም» ተብሎ ከተጻፈ ለም ነው።

ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው። ያልተከፈለው ይጠራቀማል። ስሙም «ውዝፍ» ይባላል። አንድ ቀን ውዝፉ በአንድነት ይጠየቃል። መክፈል ያልቻለ መሬቱ ወደ መንግሥት ይገባና ለሌላ ይሰጣል፤ ባለርስት የነበረው በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ይሆናል። አቤት ቢልስ? «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የተባለው ለዚህ አይደል?

ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው የባሌ አመፅ በአንድ ምክንያት ብቻ የተነሣ አይደለም። የመሬት ነጠቃው፣ የሃይማኖትና የማንነት በደሉ፣ የሹማምንቱ ጉቦ፣ የሶማሊያ መንግሥት እጅ ሁሉም ነበረበት። ነገር ግን ከምክንያቶቹ ፊተኞቹ መካከል ግብሩና ውዝፉ ስለመኖራቸው ታሪክ ጸሐፊዎች አይከራከሩም። ዋቆ ጉቱ ከጄኔራል ጃጋማ ኬሎ ጋር ተነጋግረው በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሲሰጡ ባሌ ሰባት ዓመት ያህል ስትነድ ቆይታ ነበር።

ገቢን በዓይን መለካት

በአመፁ መካከል ሌላ ነገር መጣ። አዋጅ ቁጥር 255/1960 አሥራቱን ሽሮ በምትኩ «የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር» አመጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው፦ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይክፈል። ማን ይቃወማል?

ጎጃም ተቃወመች። ገበሬው የፈራው ሕጉን ብቻ አልነበረም፤ ገማቹንም ነበር። ምርቱን ቆሞ በዓይኑ የሚለካ፣ የዘንድሮውን ጥጋብ የዘላለም ገቢ አድርጎ የሚጽፍ ሰው። «ግመታው መሬታችንን ለመለካትና ለመውሰድ ሰበብ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ተስፋፋ። ውጊያ ሆነ፣ አውሮፕላን ተላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ የዓመታት የግብር ውዝፍም ተሰረዘ።

እንግዲህ አስቡት። ያ ውዝፍ ሊሰረዝ የሚችል ከሆነ፣ ከመነሻውስ ለምን ተጠራቀመ? መልሱ ቀላል ነው፤ ስሕተትን በጊዜ የሚያርም፣ አቤቱታን በጊዜ የሚሰማ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ጠመንጃው የመጣው ከአቤቱታው በኋላ ነው።

መንግሥት መስጠት ሲጀምር

የሚገርመው፣ ባሌ ማመፅ በጀመረችበት ሰሞን አዲስ አበባ ላይ መንግሥት በሌላ እጁ መስጠትን በሕግ እየደነገገ ነበር። አዋጅ ቁጥር 209/1955 የመንግሥት ሠራተኛን ጡረታ በሥርዓት አቆመ። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጣሉ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ይህን መሰል ጡረታ ለማግኘት እስከ 2003 ዓ.ም. (አዋጅ 715) መጠበቅ ነበረበት። አሁን ሥራ ላይ ያሉት በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ 1267 እና 1268 ናቸው።

ጡረታ ካለ ደግሞ በብልጫ የሚከፈል ገንዘብ አይቀርም። ጊኒር ውስጥ አንድ የሒሳብ መምህር ጡረታ ወጡ እንበል። ትምህርት ቤቱ ሒሳብ የሚያስተምር አጣና መልሶ በቋሚነት ቀጠራቸው። ደመወዝ መጣ፤ ያልታሰበ ገቢ! በሕጉ መሠረት ወደ መንግሥት ሥራ የተመለሰ ጡረተኛ አበሉ ይቋረጣል። ነገር ግን ቀጣሪው ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሳያሳውቅ ቀረ፣ ወይም ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ተኛ። አበሉ መምጣቱን ቀጠለ። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡ ሲመሳከር ጋሼ የ24 ወር ጡረታ ባለዕዳ ሆነው ይገኛሉ።

ወይም አንዲት እናት። ባሏ ሲሞት ለእሷ የባሏን ጡረታ ግማሽ፣ ለልጆቿም የየድርሻቸውን ታገኛለች። ትልቁ ልጅ 18 ዓመት ሞላው። የልጁ ድርሻ መቆም ነበረበት፤ አልቆመም። ባንኩ ሲሰጣት «ይህ የማን ነው?» ብላ ትመልሳለች? እሷ የምታውቀው በየወሩ የሚመጣው ገንዘብ ለጤፍና ለበርበሬ እንደማይበቃ ነው።

ሁለቱም ሰዎች አልሰረቁም። ሁለቱም ግን የማይገባቸውን ወስደዋል። ሕግ እንዲህ ላለው ነገር ምን ይላል?

የ1952ቱ ሕግ ብልኅነት

ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ምዕራፍ አለው። ቁጥር 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሥራ ወይም ንብረት የበለጸገ ሰው በተጠቀመው መጠን እንዲመልስ ያዛል። ማንም ሊከፍለው የማይገባውን የከፈለ ሰውም ማስመለስ ይችላል። እስከዚህ ድረስ ከደብዳቤዋ ጋር አንድ ነው፦ መልስ።

ሕጉ ግን እዚያ አይቆምም። የተቀበለው ሰው ጥቅሙ አሁን በእጁ እንደሌለ ካስረዳ፣ ገንዘቡንም ያጠፋው በቅን ልቦና ከሆነ፣ የመመለስ ግዴታው ይቀንሳል ወይም ይቀራል። እያወቀ ከሆነ ግን ይመልሳል። እንግዲህ ሕጉ የሚጠይቀው «ወሰድክ ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ታውቅ ነበር ወይ? አሁንስ አለህ ወይ?» ብሎም ነው። ለእኔ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የጉዳዩ ልብ ናቸው። ባሌ ላይ ያልተጠየቁት እነሱ ነበሩ። የሚገርመው ደግሞ ያለጠያቂ የቀሩት በእኛ አገር ብቻ አለመሆኑ ነው።

ፈረንጆቹም አልተሻሉም

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የታክስ ክሬዲት የሚባል ድጎማ ጀመረች። የቤተሰቡ ድጎማ የሚሰላው ካለፈው ዓመት ገቢ ተነሥቶ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከእውነተኛው ገቢ ጋር ይመሳከራል። ትርፍ ሰዓት የሠራ፣ ዕድገት ያገኘ፣ ሚስቱ ሥራ የጀመረችለት ሰው ከ2,500 ፓውንድ በላይ ገቢው ከጨመረ ባለዕዳ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 1.9 ሚሊዮን ለሚጠጉ ቤተሰቦች ወደ ሁለት ቢሊዮን ፓውንድ በብልጫ ተከፈለ። ጩኸቱ ሲበዛ እ.ኤ.አ. በ2006 ከቁጥር የማይገባው የገቢ ጭማሪ ወደ 25,000 ፓውንድ ከፍ ተደረገ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወደ 2,500 ተመለሰ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል።

አውስትራሊያ የባሰውን አደረገች። «ሮቦዴት» የተባለው አሠራር የሰውየውን የዓመት ገቢ በኮምፒውተር ለ26 የሁለት ሳምንት ክፍያዎች እኩል እያካፈለ «በዚያ ሳምንትም ገቢ ነበረህ፤ ድጎማውን መልስ» ይል ነበር። ስድስት ወር ሠርቶ ስድስት ወር ሥራ ፈት የነበረው ሰው ዓመቱን ሙሉ እንደ ሠራ ተቆጠረ። አሠራሩ ሕገ ወጥ መሆኑ ተረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የመርማሪ ኮሚሽኑ ሪፖርትም ክፉኛ ኮነነው። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ በትንሽ የወረቀት ስሕተት የሕፃናት ማቆያ ድጎማቸውን ሙሉ በሙሉ እንዲመልሱ የተገደዱ በሺህ የሚቆጠሩ ወላጆች ጉዳይ የማርክ ሩተን መንግሥት እ.ኤ.አ. ጥር 2021 ሥልጣን እስከማስለቀቅ ደርሷል። ከተጎዱት ብዙዎቹ የውጭ አገር ዝርያ ያላቸው ነበሩ።

የአውስትራሊያው ኮምፒውተርና የባሌው ቀላድ ጣይ በምን ይለያያሉ? ሁለቱም የሰውን ኑሮ አንዴ ገምተው ጻፉ። ሁለቱም ኑሮው ሲለወጥ መዝገቡን አልለወጡም። ሁለቱም የገማቹን ስሕተት በተገማቹ ስም ጻፉት።

ሴፍቲኔት የሚያስተምረን

እኛ አገር በዚህ ረገድ የሚያስመሰግን አንድ ነገር አለን፤ የልማታዊ ሴፍቲኔት። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሚሊዮኖች እርከንና መንገድ እየሠሩ፣ መሥራት የማይችሉት ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ፣ እህል ወይም ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። ማን ይግባ የሚለውን በመጀመሪያ የሚለየው የአካባቢው ኮሚቴ ነው፤ ስም ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴም አለው። የአንድ ሰው ኑሮ ሲሻሻል ደግሞ «ተመረቀ» ይባላል። ከእንግዲህ አይሰጠውም፤ የበላውን ግን አይጠየቅም።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። «ሳልደርስ አስመረቁኝ» የሚለው ቅሬታ የትም አለ፤ እንዳይመረቅ በሬውን ዘመዱ ጋ የሚደብቅም ይኖራል። ቢሆንም መርሁ ትክክል ነው፦ የገቢ መጨመር እንደ ወንጀል አይቆጠርም፤ ሒሳቡም የሚሠራው ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይደለም።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ፋይዳ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ጸድቆ መዝገቦች እርስ በርስ መነጋገር እየጀመሩ ነው። ጡረታው ከደመወዙ፣ ደመወዙ ከባንኩ ጋር ሲገናኝ፣ ለዓመታት ተኝተው የቆዩ ብልጫ ክፍያዎች መውጣታቸው አይቀርም። መልካም ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ይጠበቅ። ሆን ብሎ የደበቀም ይመልስ። ነገር ግን ያኔ የጊኒሩ መምህርና ያቺ እናት በአንድ ጠዋት የሁለት ዓመት ዕዳ እንዳይወድቅባቸው ሦስት ነገር አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል።

አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቱ የዘገየበት ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከመጠየቅ በፊት መስማት ይቅደም፤ አቤቱታው እስኪወሰን ምንም አይቆረጥ። ሦስተኛ፣ የሚቆረጠው ኑሮን የማያፈርስ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወር ደመወዝ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ከደመወዝ ለምታንስ ጡረታ ከዚያ የበለጠ ርኅራኄ ቢገባ እንጂ አያንስም።

ባሌ ውዝፍ ሲጠራቀም ምን እንደሚሆን በሰባት ዓመት እሳት አሳይታናለች። ያኔ መዝገቡ ቀላድ ነበር፤ አሁን ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ከቀላዱ ይፈጥናል። ጥያቄው፣ አቤቱታ ሰሚውስ እኩል ይፈጥናል ወይ?