ደህና ነኝ ብሎ መውጣት

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቀስ ብላችሁ ስትከፍቱት ትንሽ ተንፍሶ ዝም ይላል። ድንገት ከከፈታችሁት ግን አረፋው እጃችሁ ላይ ይገነፍላል። የጠላቂ ሰውነትም እንደዚያው ነው። ጥልቀት ውስጥ ሆኖ የተነፈሰው ናይትሮጅን በግፊቱ ብዛት ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል፤ ቶሎ ከወጣ አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ያሳምማል፣ አከርካሪ ውስጥ ሲሆን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ ጠላቂዎች እየቆሙ ነው የሚወጡት። የት ይቆም፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን በስሌት ያስቀመጠው ጆን ስኮት ሆልዴን ነው። ፍየሎችን የግፊት ክፍል ውስጥ እያስገባ ሞከረና ከባልደረቦቹ ጋር በ1908 አሳተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የብዙ ሰው ሕይወት አተረፈ። እሱም ቢሆን ታርሟል፦ ያስቀመጠው የግፊት ምጣኔ ለሁሉም ጥልቀትና ለሁሉም የሰውነት ክፍል እኩል እንደማይሠራ ከሱ በኋላ የመጡት አሳዩ።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ የመጣው እርማት ነው።

ሪቻርድ ፓይል ሃዋይ ያለ የዓሣ ተመራማሪ ነው። ከጥልቅ ሪፍ ዓሣ ይዞ ሲወጣ፣ የዓሣው የአየር ከረጢት እንዳይፈነዳ መንገድ ላይ ቆሞ በመርፌ ያስተነፍሰዋል። ታዲያ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ዓሣ በያዘበት ቀን ከወጣ በኋላ ድካሙ ይቀንሳል። ምናልባት ምክንያቱ ያ ጥልቅ ቦታ ላይ መቆሙ ይሆን? ሐሳቡን በ1990ዎቹ አካፈለ። አረፋው ገና ትንሽ እያለ ታች ላይ መያዝ ይሻላል ከሚሉት የስሌት ሞዴሎች ጋርም ገጠመ። ጠላቂዎች ወደዱት፣ የእጅ ኮምፒውተሮች ውስጥም ገባ። ብዙዎች ሞክረውት "እውነት ነው፣ ደህና ነኝ" አሉ።

እኔም ኮዴ "እኔ ማሽን ላይ ይሠራል" ብዬ ስንቴ ተከራክሬያለሁ!

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሙከራ ክፍል ፍሎሪዳ ውስጥ ነገሩን በቁጥር ፈተሸው፤ ሪፖርቱ በ2011 ወጣ። ጠላቂዎቹ በሙከራ ገንዳ ውስጥ ከ52 ሜትር ገደማ ጋር እኩል በሆነ ግፊት 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ እየሠሩ ይቆያሉ። ከዚያ ሲወጡ በሁለቱም መርሐ ግብር የሚቆሙበት ጊዜ ድምር እኩል ነው፣ 174 ደቂቃ። ልዩነቱ አንዱ ታች ላይ ቀድሞ መቆም ይጀምራል፣ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይኛው ያመጣዋል። ላይ ከቆሙት 192 ጥልቀቶች 3ቱ ላይ ሕመም ታየ። ታች ከቆሙት 198 ግን 11 ላይ። ሙከራው ከታቀደው ቀድሞ ቆመ።

ምክንያቱ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ጠላቂው ታች ሲቆም ደም በብዛት የሚያገኘው የሰውነት ክፍል ጋዙን እያስወጣ ነው፤ ቀርፋፋው ክፍል ግን ገና እየጠጣ ነው። ከላይ ሲደርስ ዕዳው እዚያ ይጠብቀዋል።

እና ሁሉም ተቀበለ? የለም። "እኛ የምንጠቀመው መርሐ ግብር ያ አይደለም" ተባለ። "እነሱ አየር ነው የተነፈሱት፣ እኛ ሂሊየም እንቀላቅላለን" ተባለ። አንዳንዱ ክርክር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ አንድ ሙከራ ሁሉንም ጥልቀት አይመልስም። አንዳንዱ ግን ለዓመታት ሲያስተምሩት የኖሩትን ነገር ስህተት ነበር ማለት የከበዳቸው ሰዎች ድምፅ ነው። ለተማሪ "ይሄ ያድንሃል" ብለህ ያስተማርከውን መመለስ ቀላል አይደለም፤ ተማሪው ምናልባት ዛሬም በዚያው እየጠለቀ ነው።

ለውጡ ሲመጣ ድምፅ አልነበረውም። የእጅ ኮምፒውተሩ ላይ የመጀመሪያው ማቆሚያ ምን ያህል ጥልቅ እንደሚሆን የሚወስን አንድ ቁጥር አለ። ጥልቅ ማቆሚያን የሚወዱ 10 ወይም 20 ላይ ያደርጉት ነበር። ዛሬ ብዙ ጠላቂዎች ከመግባታቸው በፊት ጀልባው ላይ ቅንብሩን ይከፍቱና 50 ወይም ከዚያ በላይ ያደርጉታል።