ኢ-ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ እና የኬዝ ልክ

ኢ-ኤቲኤክስ ከመደበኛው ኤቲኤክስ የሚሰፋ፣ በሰርቨሮችና ከፍተኛ አቅም ባላቸው ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገኝ የማዘርቦርድ መጠን ነው።

ልኬት፦ ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው። ኢ-ኤቲኤክስ ቁመቱን ሳይለውጥ ወርዱን እስከ 330 ሚሊሜትር ያደርሰዋል። ሆኖም በዚሁ ስም ከሚሸጡት ቦርዶች ብዙዎቹ ወርዳቸው 270 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም አይበቃም፤ የቦርዱን ወርድ በሚሊሜትር ማወቅ ግድ ይላል።

አለካክ፦ ትርፉ ወርድ የሚዘረጋው ወደ ኬዙ ፊት ነው። ከኋላው የመሰኪያዎች መክፈቻ ተነስቶ በሜትር ሲለካ፣ እስከ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጫው ወይም እስከ ፊተኛው ፋን ያለው ክፍተት ከቦርዱ ወርድ መብለጥ አለበት። ባለ 24 ፒኑ የኃይል መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ጠርዝ ላይ ስለሚገኝ፣ ለገመዱ መታጠፊያም ቦታ ሊተርፍ ይገባል። ሰፊ ቦርድ በኬዙ ግድግዳ ላይ ያሉትን የኬብል ማሳለፊያ ቀዳዳዎች ሊሸፍን እንደሚችልም ማየት ያስፈልጋል።

የብሎን መቆሚያዎች፦ ቦርዱ የሚያርፍባቸው አጫጭር መቆሚያዎች ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለባቸው። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ተረስቶ የቀረ መቆሚያ የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ሾርት ሊፈጥርና ውድ ዕቃ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ቦርዱ ከመቀመጡ በፊት ይነቀላል። ቦርዱን በግድ መጫን ወይም ማጉበጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ይሰነጠቃሉ።