ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት ማስረጃ



የዛሬ ሰው ዕድሜው በተጠየቀ ጊዜ ሣጥኑን ከፍቶ ወረቀት ያወጣል። አያቶቻችን ግን «አድዋ ሲዘመት ድክ ድክ እል ነበር»፣ «የኅዳር በሽታ የገባ ጊዜ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር»፣ «በማይጨው ጊዜ እረኛ ነበርሁ» እያሉ ነበር ዕድሜያቸውን የሚናገሩት። ይህ አቈጣጠር የሚናቅ አይደለም። አድዋ በ1888፣ የኅዳር በሽታ በ1911፣ ማይጨው በ1928 ዓመተ ምሕረት መሆኑን የሚያውቅ ዳኛ የተናጋሪውን ዕድሜ በጥቂት ዓመት ልዩነት ሊደርስበት ይችላልና። ችግሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም ማስረጃው በሰው ልብ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ያ ሰው ሲሞት ማስረጃውም አብሮት ይቀበራል።

የጋብቻም ነገር እንዲሁ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ ውል ተዋውሎ ሰርግ ሲደገስ፣ ድግሱ ለመብልና ለመጠጥ ብቻ የተሰናዳ የሚመስለው ሰው የነገሩን እኩሌታ ብቻ ያያል። በዳስ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ ሁሉ ሳይታወቀው የጋብቻው ምስክር ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ክርስትና ስታነሣ የክርስትና አባትና እናት ለልደቱ ምስክር ይሆናሉ፤ መጻፍ የሚያውቅ አባት ደግሞ የልጁን ልደት በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ የሚያሰፍርበት ጊዜ ነበር። በሙስሊሞችም ዘንድ ኒካሕ ያለ ምስክር አይታሰርም።

በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ በመዝገብ ሊተካው አስቦ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሕጉ ልደትም ጋብቻም ሞትም በየአጥቢያው በሚሾም ሰው እጅ እንዲመዘገብ ደነገገ፤ ሹሙንም «የክብር መዝገብ ሹም» አለው። እዚህ ላይ ክብር ማለት ሹመትና ሽልማት አይደለም፤ ሰው በሕግ ፊት ያለው ስፍራ፣ ማለት የማን ልጅ፣ የማን ባል፣ የማን ሚስት መሆኑ ነው። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ይህን ሰምቶ የመኳንንት መዝገብ የመሰለው ባለ ጉዳይ ጥቂት ባይሆን አያስደንቅም።

ይኸው ሕግ ግን ከ3,367 ቍጥሮቹ ወደ መጨረሻው፣ በቍጥር 3361፣ ስለ መዝገቡ የተጻፈው ሁሉ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠራበት አገደ። በየአጥቢያው ሹምና ጸሐፊ የሚያሻው ሥራ በአንድ ሌሊት አይደራጅምና ማገዱ አስተዋይነት ነበር። የማያስመሰግነው ቆይታው ነው። በ1967 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወረደ፤ በ1983 ደርግ ወደቀ፤ መዝገቡ ግን አልተከፈተም። በከተማ ማዘጋጃ ቤት ለጠየቀው ሰው የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን እንደ ቀድሞው በምስክር ቃል ኖረ።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው በሞት ጊዜ ነው። አንዲት ሴት ከባልዋ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖራ ባልዋ ሳይናዘዝ ቢሞትባት ብለን እናስብ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው መጀመሪያ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ ሚስት በወራሾች ተራ አልገባችም። ለእርስዋ የሚደርሳት ከውርሱ ሳይሆን ከጋራው ሀብት እኩሌታው ነው። እኩሌታውን ለመውሰድ ደግሞ አስቀድሞ ሚስትነትዋን ማስረዳት ይኖርባታል። እንግዲህ ከሌላ ሴት የተወለዱት ልጆች «ቤት ጠባቂ ነበረች እንጂ የአባታችን ሚስት አልነበረችም» ያሉ እንደ ሆነ፣ የሠላሳ ዓመት ድካምዋ በምስክሮች ቃል ይመዘናል። ሽማግሌዎቹ ሞተዋል፤ ሚዜዎቹ ተበትነዋል፤ የቀሩት ጎረቤቶች ከልጆቹ ጋር ነገ የሚኖሩ ናቸውና መናገር ይፈራሉ። ሕጉ ይህን ችግር አይቶ፣ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውንና ዘመድና ጎረቤትም እንዲሁ አድርጎ ያውቃቸው እንደ ነበር ማስረዳት እንዲበቃ ፈቅዷል። ይህ መልካም ድንጋጌ ነው፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ያለ ምስክር አይሠራም። ጋብቻው ሳይረጋገጥ ቀርቶ እንዲሁ አብሮ መኖር ነው የተባለ እንደ ሆነ፣ የ1952ቱ ሕግ የጋራ ሀብት አያውቅላትም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ነው ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራቸው እንዲሆን ያደረገው።

በመጨረሻ የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባውም በ2008 ተጀመረ። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ መውጣት እስከዚያ 56 ዓመት አልፎ ነበር። በዚህ አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው።

እናንተ በመንግሥት ሥራ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን የቆየ ታሪክ በየግል ማኅደራችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የልደት ወረቀት ያልነበረው ሰው መጀመሪያ ሲቀጠር ዕድሜውን በግምት ይሞላ ነበር፤ አንዱ ለሥራ እንዲደርስ ሁለት ዓመት ይጨምራል፤ ሌላው ትምህርት ቤት ሲገባ የቀነሰውን ይዞ ይቀጥላል። የጡረታ ሕጋችን ደግሞ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር የተመዘገበውን ዕድሜ ነው የሚቀበለው፤ የጡረታ ጊዜ ሲቃረብ የሚመጣን አዲስ ቍጥር አይቀበልም። እናቱ «የተወለድኸው በእንዲህ ያለ ዘመን ነው» ብላ ብትመሰክርለትም፣ 60 ዓመት የሚሞላው በዚያ ቅጽ ላይ በጻፈው ቀን ነው።