ኤች አይ ቪ እና ኤድስ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላማ ከተሞች

ኤች አይ ቪ የሰው ልጅን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም ቫይረስ ነው። ኤድስ ደግሞ ቫይረሱ ያለ ሕክምና ለዓመታት ካደረሰው ጉዳት በኋላ የሚመጣ የሕመም ደረጃ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የሚገኝ ሰው ሁሉ የኤድስ ሕመምተኛ አይደለም። በወቅቱ ተመርምሮ መድኃኒት የጀመረ ሰው ኤድስ ደረጃ ሳይደርስ ረጅም ዕድሜ መኖር ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት የሚያጠፋው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን መከላከያው የተዳከመውን አካል የሚያጠቁ ሌሎች በሽታዎች ናቸው። እነዚህ በሽታዎች እንደየአካባቢው የአየር ጠባይና አኗኗር ይለያያሉ። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በሌሎች የደቡብ ኢትዮጵያ ቆላማ ከተሞች የሳንባ ነቀርሳ፣ ወባ፣ ካላዛርና በድርቅ ጊዜ የሚከሰት የምግብ እጥረት ከኤች አይ ቪ ጋር ሲገናኙ ሕመሙን ለመለየትም ሆነ ለማከም አስቸጋሪ ያደርጉታል።

የቫይረሱ ምንነት

ኤች አይ ቪ ሬትሮቫይረስ ከሚባሉት ቫይረሶች ወገን ነው። በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ሲሆን፣ ቫይረሱን በ1983 የለዩት በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ፍራንሷዝ ባሬ-ሲኑሲ እና ሉክ ሞንታኒዬ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ቫይረሱ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። ኤች አይ ቪ-1 በመላው ዓለም የተሰራጨው ሲሆን፣ ወደ ሰው የተሻገረው በመካከለኛው አፍሪካ ከሚገኙ ቺምፓንዚዎች ነው። ኤች አይ ቪ-2 በብዛት የሚገኘው በምዕራብ አፍሪካ ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የተሰራጨው የኤች አይ ቪ-1 ንዑስ ዓይነት «ሲ» ነው።

ቫይረሱ በአካል ውስጥ እንዴት ይሠራል

የሰው አካል ራሱን ከተሕዋስያን የሚከላከለው በዋናነት በነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ከእነዚህ መካከል ሲዲ4 የሚባሉት የማስተባበር ሥራ አላቸው። አንድ ተሕዋስ ወደ አካል ሲገባ ሌሎቹን የመከላከያ ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ፤ ፀረ-አካል የሚያመርቱትንም ያነሣሣሉ። ኤች አይ ቪ በዋናነት የሚያጠቃው እነዚህን አስተባባሪ ሕዋሳት ነው።

ቫይረሱ ብቻውን መራባት አይችልም። በመጀመሪያ ከሲዲ4 ሕዋስ ገጽ ላይ ካለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት የራሱን አር ኤን ኤ ወደ ዲ ኤን ኤ ይለውጣል። ኢንተግሬዝ የተባለው ሁለተኛ ኢንዛይም ይህን ዲ ኤን ኤ ከሰውየው ዘረመል ጋር ያዋህደዋል። ከዚህ በኋላ ሕዋሱ የቫይረሱን ክፍሎች ማምረት ይጀምራል፤ ፕሮቲዬዝ የተባለው ሦስተኛ ኢንዛይም ደግሞ ክፍሎቹን እየቆራረጠ ለአዲስ ቫይረስ ያዘጋጃቸዋል። ሕክምና ባልጀመረ ሰው አካል ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ አዳዲስ ቫይረሶች ይፈጠራሉ።

አንዳንድ የተጠቁ ሕዋሳት ግን ቫይረሱን ሳያመርቱ ለዓመታት ተኝተው ይቆያሉ። መድኃኒት የሚሠራው በመራባት ላይ ባለው ቫይረስ ላይ ስለሆነ እነዚህን ሕዋሳት ማጥፋት አይችልም። አንድ ሰው መድኃኒቱን ቢያቋርጥ በሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ እንደገና በደም ውስጥ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ መወሰድ ያለበትም ለዚህ ነው።

የሕመሙ ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ ቫይረሱ በገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚታይ ነው። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ ንፍፊትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊከሰት ይችላል። ምልክቶቹ ከጉንፋን ወይም ከወባ ጋር ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ልብ አይላቸውም፤ ምንም ምልክት የማይታይባቸውም አሉ። በዚህ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ የሚገኙት ሲዲ4 ሕዋሳትም ክፉኛ የሚጎዱት በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ምልክት የሌለበት ረጅም ጊዜ ነው። ያለ ሕክምና በአማካይ ወደ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፤ ሲያዩትም ጤነኛ ነው። በውስጥ ግን የሲዲ4 ቁጥር ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቀው በምርመራ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ኤድስ ነው። በጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም ውስጥ በአብዛኛው ከ500 እስከ 1500 ሲዲ4 ሕዋሳት ይገኛሉ። ቁጥሩ ከ200 በታች ሲወርድ ወይም የተወሰኑ ከባድ ተጓዳኝ በሽታዎች ሲታዩ ሰውየው ኤድስ ደረጃ ላይ ደርሷል ይባላል። ከፍተኛ የክብደት መቀነስ፣ ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ ተቅማጥና ትኩሳት፣ ሌሊት ማላብ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን የተከታተለው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አንድ ትኩረት የሚስብ ውጤት አግኝቷል። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ቁጥር በአማካይ ከኔዘርላንድስ ሰዎች ያነሰ ነበር። ስለዚህ የሲዲ4 ቁጥር ማነስ ብቻውን ኤች አይ ቪ መኖሩን አያሳይም፤ ቁጥሩ የሚያገለግለው በምርመራ ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ሁኔታ ለመከታተል ነው።

ተጓዳኝ በሽታዎች

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ)፦ በዓለም ዙሪያ ቫይረሱ ያለባቸውን ሰዎች ከሚገድሉ በሽታዎች ዋነኛው ነው። የቲቢ ባክቴሪያ በብዙ ሰዎች አካል ውስጥ ሳያሳምም ተኝቶ ይኖራል። መከላከያው ሲዳከም ግን ይቀሰቀሳል። ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ቲቢ ከሳንባ ውጪ በንፍፊት፣ በአጥንት ወይም በአንጎል ሽፋን ላይ ሊወጣ ስለሚችል በአክታ ምርመራ ብቻ ላይገኝ ይችላል።

አልማዝ ባለጭራ፦ በልጅነት ጉድፍ ያስከተለው ቫይረስ ከዓመታት በኋላ ሲቀሰቀስ የሚመጣ፣ በአንድ የሰውነት ጎን ላይ የሚወጣ የሚያቃጥል ሽፍታ ነው። በወጣት ሰው ላይ ሲታይ ሐኪሞች የኤች አይ ቪ ምርመራ ያዛሉ።

ካላዛር፦ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን ረጅም ትኩሳት፣ መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ያስከትላል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከመተማና ከሁመራ አካባቢ በተጨማሪ በደቡብ በኦሞ፣ በሰገንና በወይጦ ሸለቆዎች እንዲሁም በገናሌ ተፋሰስ ይገኛል። በደቡቡ ቆላ በሽታውን የሚያስተላልፉት ዝንቦች ከምስጥ ኩይሳ ጋር የተያያዘ ኑሮ አላቸው። ካላዛርና ኤች አይ ቪ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ፤ ሁለቱም ያሉበት ሰው ካላዛሩ ከታከመ በኋላም ተመልሶ ሊያገረሽበት ይችላል። በቆላ ረጅም ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ሁለቱም ሳይታወቁ ሊቆዩ ይችላሉ።

ከእነዚህ ሌላ የአፍና የጉሮሮ ፈንገስ፣ በክሪፕቶኮከስ ፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር፣ የማኅፀን በር ካንሰርና ካፖሲ ሳርኮማ የተባለ የካንሰር ዓይነት ይከሰታሉ። ወባም መከላከያው በተዳከመ ሰው ላይ፣ በተለይም በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ይበረታል።

የመተላለፊያ መንገዶች

ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው በደም፣ በዘር ፈሳሽ፣ በብልት ፈሳሽና በጡት ወተት ነው። ዋናው መንገድ ያለ ኮንዶም የሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ይተላለፋል። በተበከለ ደምና መርፌ፣ እንዲሁም ለግርዛት ወይም እንጥል ለመቁረጥ በጋራ በሚያገለግል ምላጭም ሊተላለፍ ይችላል። በወባ ትንኝ ንክሻ፣ በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ ወይም ከአንድ ጉድጓድ ውኃ በመቅዳት አይተላለፍም።

ስርጭቱ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት በ1986 ነው። ብሔራዊ ፖሊሲ በ1998 ወጣ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2003 በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ በ2005 ደግሞ በነፃ ሆነ። ሕክምናው በመጀመሪያ በሆስፒታሎች፣ ቀጥሎም በጤና ጣቢያዎች ተስፋፋ።

የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች በከተማና በገጠር መካከል ያለውን ሰፊ ልዩነት ያሳያሉ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሰዎች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው በ2005 በከተማ 5.5 ከመቶ፣ በገጠር 0.7 ከመቶ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ በከተማ ወደ 2.9፣ በገጠር ወደ 0.4 ወርዷል። በዚሁ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 ከመቶ ሲሆን፣ በሴቶች 1.2፣ በወንዶች 0.6 ከመቶ ነበር።

ነገሌ ቦረናና ሌሎች ቆላማ ከተሞች

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ትገኛለች። ለብዙ ዓመታት የጉጂ ዞን መቀመጫ የነበረች፣ የጦር ሠራዊት የሠፈረባትና ወደ ዶሎ ኦዶ የሚያልፈው መንገድ የሚያቋርጣት ከተማ ናት። ሞያሌ በአዲስ አበባና ናይሮቢ አውራ ጎዳና ላይ በኬንያ ድንበር የምትገኝ የንግድ ከተማ ስትሆን፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ያድሩባታል። በሻኪሶ አካባቢ የለገደንቢ ወርቅ ማዕድንና ባህላዊ ወርቅ ቁፋሮ ከሩቅ ሠራተኞችን ይስባሉ። በያቤሎ አቅራቢያ ያሉት የሀሮ ባኬና የዱብሉቅ የከብት ገበያዎችም ነጋዴና አርብቶ አደር ያገናኛሉ።

የእነዚህ ከተሞች የጋራ ባሕርይ እንቅስቃሴ ነው። ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖር ወታደር፣ ሾፌር፣ ወርቅ ቆፋሪና ነጋዴ በአንድ ከተማ ሲገናኝ፣ በቡና ቤትና በአልጋ ቤት በዝቅተኛ ገቢ የሚሠሩ ሴቶችም ለቫይረሱ ይጋለጣሉ። በአካባቢው ያለው የገጠር ሕዝብ ዝቅተኛ ስርጭት ቢኖረውም በገበያና በሥራ ከከተማ ጋር ስለሚገናኝ ከአደጋው ውጪ አይደለም።

እንቅስቃሴ ለሕክምናም እንቅፋት ነው። አርብቶ አደሩ ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ከጤና ጣቢያ ሲርቅ የመድኃኒት ቀጠሮ ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረና አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ብዙ ከብት አልቋል፤ ሰዎችም ተፈናቅለዋል። ምግብ ያጣ አካል በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ሕክምና ሲጀምር የመሞት አደጋው ከሌላው ከፍ ያለ ነው። በጣም ለከሱ ሕሙማን ከመድኃኒቱ ጋር ፕላምፒ ነት የመሳሰሉ አልሚ ምግቦች የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ምርመራና ሕክምና

የተለመደው ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ፀረ-አካል የሚፈልግ ሲሆን ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀረ-አካሉ ላይታይ ስለሚችል፣ በቅርቡ የተጋለጠ ሰው ከ3 ወር በኋላ ምርመራውን እንዲደግም ይመከራል።

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ እንክብል የተዋሃዱበት፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝን፣ ሦስተኛው ኢንተግሬዝን ይገታሉ። ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት የሚሰጡት ቫይረሱ በቀላሉ ስለሚለዋወጥና አንዱን ብቻ ሊለምድ ስለሚችል ነው። ቀደም ሲል ሕክምና የሚጀመረው ሲዲ4 ሲቀንስ ነበር፤ አሁን ግን ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያውኑ እንዲጀምር ይደረጋል። ከ2017 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጤናቸው የተረጋጋ ሕሙማን የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር ተጀምሯል፤ ይህም ከጤና ተቋም ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች ምልልሱን አቅልሏል።

መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በመሣሪያ ሊታይ እስከማይችልበት ደረጃ የወረደ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ያለ ሕክምና ከ100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ከእናታቸው ቫይረሱን ሊወስዱ ይችላሉ፤ እናትየው መድኃኒት ከወሰደች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ተደፍራ ወይም በሥራ ላይ በመርፌ ተወግቶ ለተጋለጠ ሰው ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ከተጋለጡ በኋላ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ስላለው መድኃኒቱ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል።

መገለልና የማኅበረሰብ ውይይት

ብዙ ሰው የሚዘገየው ሕክምና ስለሌለ ሳይሆን መታወቁን ስለሚፈራ ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ስለሚተዋወቅ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ይልቅ ሌላ ከተማ ሄዶ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ። ይህ ደግሞ በመንገድ ችግርና በገንዘብ እጦት ሕክምናውን ለማቋረጥ ያጋልጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተጀመረው የማኅበረሰብ ውይይት በኢትዮጵያ ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች መካከል አላባና ያቤሎ ይገኛሉ። ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ወጣቶችና የሃይማኖት አባቶች በተከታታይ ተሰብስበው ስለ ቫይረሱ፣ ስለ ልማዶቻቸውና ስለ ሕሙማን አያያዝ ራሳቸው ተወያይተው ይወስናሉ። አሠራሩ በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ተስፋፍቷል።