ባለቤት ያጣ ጥሪ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አዲስ አበባንና ሐረርን በስልክ ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በእጅ በሚሠራው ማዞሪያ ዘመን ጥሪው ሁሉ በቴሌፎኒስት እጅ ያልፍ ስለነበር፣ የተፈለገው ሰው ባይገኝ እንኳ መልስ የሚሰጥ አይጠፋም ነበር። አውቶማቲክ ማዞሪያ ሲተካ ግን ይህ አገናኝ ከመካከል ወጣ፤ ስልኩም ሰው በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ጮኾ መቅረት ጀመረ።

ይህንኑ ክፍተት የሚሞላው የቡድን ጥሪ ማንሻ ነው። የአንድ ክፍል ስልኮች በማዞሪያው ላይ በአንድ ቡድን ሲመዘገቡ፣ ማንኛውም ባልደረባ ከመቀመጫው ሳይነሣ አጭር ቁጥር መትቶ የጎረቤቱን ጥሪ ይቀበላል።

ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ወደ ሰቆጣ ለሚደውል ባለጉዳይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዋግ ተራራና ገደል ያልተነሣ ስልክ የሚተካው በእግር መንገድ ነውና። ቁጥሩን መመዝገብ የቴክኒሺያን ሥራ ነው፤ ማን ከማን ጋር ይመደብ የሚለው ግን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት ነው። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ቢያነሣው፣ ደወሉ ቆመ እንጂ ጥሪው መልስ አላገኘም።