የሚጠጡት ውሃ ከጀርም ስጋት ነጻ መሆኑን እንዴት ይገምታሉ?

ውሃ ጥርት ማለቱና ሽታ አለመኖሩ ከጀርም ነጻ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። ኮሌራን፣ የአንጀት ተስቦን (ታይፎይድ)፣ ጃርዲያን፣ አሜባን እንዲሁም ሄፓታይተስ ኤ እና ኢን የሚያመጡ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩም። በአብዛኛው ወደ ውሃ የሚገቡት ከዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ «ውሃው ምን ይመስላል?» ከማለት ይልቅ «ዓይነ ምድር የት ላይ ሊነካው ይችላል?» ብለው ይጠይቁ።

ሦስት ቦታዎችን ይመልከቱ

1. መነሻው፦ ወንዝ፣ ኩሬ፣ ያልጎለበተ ምንጭና ክዳን የሌለው ጉድጓድ ከፍተኛ ስጋት አላቸው። ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ቤት ከ30 ሜትር በታች ከራቀ ወይም ከመጸዳጃ ቤቱ ቁልቁል ከሆነ ስጋቱ ይጨምራል። በክረምት ጎርፍ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል።

2. መስመሩ፦ የቧንቧ ውሃ ታክሞ ቢወጣም፣ ሲቋረጥ የመስመሩ ግፊት ስለሚቀንስ በተሰነጠቀ ቦታ ፍሳሽ ሊገባ ይችላል። ውሃ በፈረቃ የሚያገኙ ከሆነ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ውሃ ለመጠጥ አይጠቀሙበት።

3. ማጠራቀሚያው፦ ንጹሕ ውሃም ቢሆን እጅ ወይም ኩባያ ሲነከርበት ይበከላል። አፈ ጠባብና ክዳን ያለው ጀሪካን ይምረጡ፤ ሮቶና ጀሪካንዎን በየጊዜው ይጠቡ።

ይበልጥ የሚጎዱት እነማን ናቸው?

ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች በቀላሉ ይጎዳሉ። ሄፓታይተስ ኢ ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል። በቤትዎ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ጥርጣሬ ብቻውን ውሃውን ለማከም በቂ ምክንያት ነው።

የላቦራቶሪ ምርመራ

በምርመራ የሚፈለገው በዋናነት ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ጨርሶ መገኘት የለበትም። ሆኖም ውጤቱ የሚናገረው ናሙናው ስለተወሰደበት ቀን ነው፤ ከዝናብ ወይም ከመስመር ብልሽት በኋላ ሁኔታው ሊለወጥ ይችላል።

ስጋት ካለ ምን ያድርጉ?

• ያፍሉት፦ ውሃው በደንብ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ። እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያም ከድነው ያቀዝቅዙ።

• ክሎሪን ይጠቀሙ፦ እንደ ውሃ አጋር ያሉትን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ድፍርስ ውሃን አስቀድመው ያጥልሉ፤ በንጹሕ ጨርቅም ያጥሩ። አንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያን ክሎሪንን ስለሚቋቋሙ፣ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው ማፍላት ይመረጣል።

ወደ ጤና ተቋም በአስቸኳይ የሚሄዱት መቼ ነው?

የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የማይቆም ትውከት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካዩ አይዘግዩ። የሕፃን ዓይን ከሰረጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው ሰውነቱ ውሃ እያጣ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እየሄዱም ቢሆን መጠጣት ለሚችል ሕመምተኛ በታከመ ውሃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ በጥቂት በጥቂቱ ይስጡ፤ ጡት ማጥባትንም አያቋርጡ።