ከባሕር ማዶ በቁራጭ የመጣ ድልድይ

በአሮጌው ባቡር ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የመጣን ሁሉ የሆልሆልን ድልድይ እናስታውሰዋለን። ከጅቡቲ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ130 ሜትር የሚበልጠው ብረት 30 ሜትር ገደማ በሚጠልቅ ሸለቆ ላይ ተጋድሟል። ድልድዩ ቆሞ የምናየው ሆልሆል ላይ ይሁን እንጂ ብረቱ የተሠራው እዚያ አይደለም።

እንደሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። በዚያን ዘመን በዚህ አገርም ሆነ በእኛ አገር የድልድይ ብረት የሚያወጣ ፋብሪካ አልነበረም። ስለዚህ ሐዲዱም ድልድዩም ከአውሮፓ በቁራጭ በቁራጩ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ወደብ ይራገፍ ነበር። ከወደቡም በተዘረጋው ሐዲድ ላይ ወደ ሥራው ቦታ ይጓዛል። ሸለቆው ካልተሻገረ ግን ከዚያ ወዲያ ለሚሠራው መሥመር የሚፈለገው ዕቃ ሁሉ መሄጃ የለውም። ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 ባቡር ያዩት ይህ ብረት እዚህ በረሃ ውስጥ በቅድሚያ ስለ ተገጣጠመ ነው።

የንጉሡና የመሐንዲሱ ስም በመጽሐፍ ሰፍሯል። በዚያ ሐሩር ብረቱን ተሸክመው ያቆሙት የሶማሌ፣ የዓረብና የሌላም አገር ወዝ አደሮች ስም ግን የት አለ?

መሥመሩ የብዙ ነገር ምስክር ነው። ቡናና ቆዳ ወርዶበታል፣ ጨርቅና ጨው ወጥቶበታል። በ1977 በኦጋዴን ጦርነት በኢትዮጵያ በኩል ያሉ ድልድዮች ሲፈርሱ ተቋርጦ፣ በተከታዩ ዓመት ተቀጠለ። በ1980ዎቹ ስደተኞችን ወደ አገር የመለሱ ባቡሮችም የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው፤ ወድዶ የተሳፈረ ነበር፣ ሳይወድ የተሳፈረም ነበር።

ዛሬ ከ2016 ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲስ ባቡር በሌላ ሐዲድ ያልፋል። አሮጌው መሥመር በአብዛኛው ሥራ ፈትቷል። ብረት ዝም ቢል አይፈረድበትም፣ እኛ ዝም ካልን ግን ያለፈው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። ስለዚህ በመሥመሩ የሠራችሁ፣ ወይም በዚያ ባቡር የመጣችሁና የተመለሳችሁ አባቶችና እናቶች፣ ያያችሁትን ንገሩን። እኛ እንጽፈዋለን።